አንድ ቃል በልብ ወለድ ውስጥ ስንት ፊት አለው? «ሆድ»ን ይዘን እንከታተል

ልብ ወለድ ስናነብ ዓይናችን ታሪኩ ላይ ነው። ማን ማንን አገባ፣ ማን ማንን ካደ፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ለመጀመሪያ ንባብ ይሄ ይበቃል። ሁለተኛ ለማንበብ ስትነሡ ግን ሌላ ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ተራ ቃል ምረጡና ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ደራሲው በዚያ ቃል ስንት ነገር እንደተናገረበት ስታዩ ትገረማላችሁ።

መመሪያውን የጻፍኩት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከጓደኛ ጋር መጽሐፍ እየተዋዋሱ ለሚያነቡ ነው። የሚያስፈልጋችሁ መጽሐፉ፣ እርሳስ፣ ደብተርና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት ለዚህ ሥራ የሚሆን ቀን ሞልቷል። ኮምቦልቻ ወርዶ የሚሠራ ሰው ግን ሚኒባስ ውስጥ እሠራዋለሁ ብሎ አያስብ። በሐረጎ መጠማዘዣ ላይ ደብተር መሙላት ማለት ሌላ ዓይነት የሆድ ጥናት ነው።

1. መጽሐፉን ምረጡ

አንድ ጊዜ አንብባችሁ የጨረሳችሁት ይሁን። ታሪኩ ገና የሚያጓጓችሁ ከሆነ ቃሉን ትዘሉታላችሁ።

መጀመሪያውኑ በአማርኛ የተጻፈ ይሁን። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ልብ ወለድ ላይ «ሆድ» ብታገኙ ቃሉን የመረጠው ተርጓሚው ነው። እሱም ጥሩ ጥናት ይወጣዋል፤ ለጀማሪ ግን ያደናግራል።

መጽሐፉ የተውሶ ከሆነ አታስምሩበት። ቁራጭ ወረቀት በየገጹ አስገቡ። የሰው መጽሐፍ አስምሮ የሚመልስ ሰው ሁለተኛ አይዋስም፤ ባይዋስም እሰየው።

2. ቃሉን ምረጡ

ብዙ ሰው «ፍቅር»ን ወይም «ነፃነት»ን ይመርጣል። እኔ አልመክርም። እነዚህን ቃላት ደራሲው ራሱ ተጠንቅቆ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚሉት ነገር ፊት ለፊት ነው። ሳይታወቅ ብዙ የሚሸከመው ተራው ቃል ነው። እጅ፣ ዓይን፣ አፍ፣ ሆድ፣ ቤት፣ መንገድ፣ ውሃ። በጣም የበዛ ቃልም አይሁን። «ነገር»ን የመረጠ ሰው ሃያ ገጽ ሳይሄድ ይሰለቻል።

መጽሐፉን ሦስት አራት ቦታ ገለጥ አድርጉና ጥቂት ጥቂት ገጽ አንብቡ። ቃሉ በየቦታው ብቅ ካለ ይሆናችኋል።

ለዛሬ «ሆድ»ን እንያዝ። አማርኛ ሆድን ለምግብ ብቻ አልተወውም። ኀዘኑንም፣ ቂሙንም፣ ምስጢሩንም፣ ፅንሱንም እዚያው ነው የሚያስቀምጠው። ኮምቦልቻና አካባቢዋ ኦሮምኛም የምትናገሩ ይህ አይገርማችሁም። በኦሮምኛም «ገራ» ሆድ ነው፤ «ገራ ላፋ» ሲባል ግን ሩኅሩኅ፣ ሆደ ቡቡ ማለት ነው።

3. ቃሉን እየለቀማችሁ አውጡ

መጽሐፉ ወረቀት ከሆነ መንገዱ አንድ ነው። ገጽ በገጽ ማንበብ፣ ቃሉ ሲመጣ ማስመር። በፍጥነት አትሂዱ። ዓይን ሲደክም «ሆዱ»ን አይቶ ያልፋል።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። በፎቶ የተነሣ መጽሐፍ ላይ ፍለጋ አይሠራም። ለማሽኑ ሥዕል ነው። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ እንደ ቴሰራክት ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች አማርኛ ያነባሉ፤ የሚመሳሰሉ ፊደላትን ስለሚያምታቱ ግን ውጤቱን ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ጽሑፉ በፊደል የተተየበ ከሆነ ደግሞ የኛ ፊደል የራሱ ወጥመድ አለው። «ሆድ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሆዱ» አይመጣም። ለእኛ «ድ» እና «ዱ» አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ ፈልጉ፦

ሆድ (ሆድ፣ ሆድህ፣ ሆድሽ፣ ሆድዎ)
ሆዱ
ሆዷ፣ በሌላው አጻጻፍ ሆድዋ
ሆዴ
ሆዳ (ሆዳችን፣ ሆዳችሁ፣ ሆዳቸው፣ ሆዳም)
ሆደ (ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ቡቡ)
ሆዶ (ሆዶች)

«ሆድ» በዚህ በኩል ደግ ቃል ነው፤ ሌላ ቃል ውስጥ ብዙም አይሸጎጥም። «ልብ»ን የፈለገ ሰው ግን ልብስ ሁሉ ይመጣበታል። «እጅ» ያለ «እጅግ»ን፣ «አፍ» ያለ አፍንጫንም አፍሪካንም ያነሣል። «ዓይን»ን የመረጠ ደግሞ አይን፣ ዐይን፣ ዓይን እያለ በየአጻጻፉ መፈለግ አለበት፤ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሦስቱም ሊገኙ ይችላሉ።

4. ደብተሩን አዘጋጁ

ለእያንዳንዱ «ሆድ» አንድ መስመር ስጡት። ምዕራፉንና ገጹን ጻፉ። ገጽ ብቻውን አይበቃም፤ መጽሐፉ በድጋሚ ሲታተም ገጹ ይለወጣል፤ ጓደኛችሁ የያዘው እትም ከእናንተ ላይገጥም ይችላል። ቀጥሎ ማን እንደተናገረው ጻፉ፤ ተራኪው ነው ወይስ ገጸ ባሕርይ? ለማን? ከዚያ ዐረፍተ ነገሩን ሙሉውን ገልብጡ። ቃሉን ብቻ ቆርጣችሁ ከወሰዳችሁ በኋላ ምንም አይነግራችሁም። መጨረሻ ላይ ለትርጉሙ ባዶ ቦታ ተዉ።

ባዶውን አሁን አትሙሉት። መልቀሙ ሳያልቅ ትርጉም መስጠት የጀመረ ሰው፣ ቀሪውን ገጽ የሚያነበው የራሱን ግምት ለማስረዳት ይሆናል።

5. ግሱን ተመልከቱ

ዋናው እርምጃ ይሄ ነው። «ሆድ» ብቻውን ሥጋ ነው። ትርጉሙን የሚያመጣለት አጠገቡ ያለው ግስ ነው። ስለዚህ ከየዐረፍተ ነገሩ ግሱን ፈልጋችሁ ክበብ አድርጉበት።

ሆዱ ሞላ፣ ሆዱ ጮኸ፣ ሆዱን ቆረጠው ከሆነ ምግብና ሕመም ነው፤ ብዙ አያከራክርም። ሆዷ ገፋ ከሆነ እርጉዝ ናት። ከዚህ ወዲያ ነው ጨዋታው።

«ሆዱ ባባ» እና «ሆድ ባሰው» አንድ ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው። የባባ ሰው ለስላሳ ነው፤ ሌላ ሰው አይቶ ወይም አስታውሶ ነው፤ እንባው ቅርብ ነው። ሆድ የባሰው ሰው ግን ተገፍቷል፤ ውስጡ ቅሬታ አለ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የሚባለው ለዚህ ነው። ሆዱ ለባባ ሰው ማጭድ ብታውሱት ሣሩን አጭዶ ይመልስላችኋል።

«ሆዱ ሻከረ» ሲል ደግሞ በሁለት ሰዎች መካከል የነበረ ነገር ተበላሽቷል። ያኛው ወገን አልነቃ ይሆናል። ሁለቱም ሲያውቁት «ሆድና ጀርባ ሆኑ» ይባላል። ደራሲው የመጀመሪያውን በአንድ ምዕራፍ፣ ሁለተኛውን ከብዙ ገጽ በኋላ ካስቀመጠው፣ የአንድን ጠብ ዕድገት በአንድ ቃል አሳይቷችኋል ማለት ነው። ታሪኩን ብቻ ስትከተሉ ይህ ያመልጣል።

«በሆዱ» የምትለዋን ለብቻዋ አውጧት። «በሆዱ ወይ ጉድ አለ» ከሆነ ሐሳብ ነው፤ ለእኛ ለአንባቢዎች ተከፍቷል፣ አጠገቡ ላለው ሰው ግን ተዘግቷል። «ነገሩን በሆዱ ያዘው» ከሆነ ምስጢር ወይም ቂም ነው። አንዳንድ ጊዜ ለእኛም ይዘጋል። ተራኪው የማንን ሆድ ከፍቶ እንደሚያሳየን፣ የማንን እንደሚዘጋብን በደብተራችሁ ላይ ቁጠሩ። ጀግናውን ሁልጊዜ ከፍቶ ጨካኙን ሁልጊዜ የሚዘጋ ተራኪ አለ። እንዲያ ሲሆን ለማን እንዳደላ ራሱ ነገራችሁ።

ግስ የሌለባቸውም አሉ። «ሆዳም»፣ «ሆድ አደር»፣ «ሆደ ሰፊ» ስም ሆነው ሰው ላይ የተለጠፉ ናቸው። «ሆዴ!» ደግሞ ጥሪ ነው፤ እናት ለልጇ፣ ወዳጅ ለወዳጁ። እዚህ ላይ ትርጉም ከመፈለግ ይልቅ ማን ማንን እንዲህ እንደጠራ፣ መቼስ መጥራት እንደተወ ብትጽፉ ይሻላል።

6. ክምር ሥሩ

አሁን ባዶውን ሙሉ፤ ተመሳሳዮቹንም አንድ ላይ አድርጉ። አሠራሩን ለማሳየት ከመጽሐፍ ያልተወሰዱ፣ እኔው የሠራኋቸውን ስድስት ዐረፍተ ነገሮች እነሆ፦

ሀ) ልጁ ሆዱን ሳይሞላ ከሰኞ ገበያ ተመለሰ።
ለ) እናቱ ገና ከበር ስታየው ሆዷ ባባ።
ሐ) «ምነው ሆዴ፣ ማን ምን አለህ?» አለችው።
መ) እሱ ግን አጎቱ ያደረገውን በሆዱ ያዘው።
ሠ) አጎትየው ለሆዱ ያደረ ሰው መሆኑን ሸዋ በር ድረስ የማያውቅ የለም።
ረ) እኅቱ ሆዷ ገፍቷል፤ እንዲህ ያለ ወሬ መስማት የለባትም።

በየፊናቸው ብንለያቸው ስድስት ክምር ይወጣቸዋል። ረኃብ፣ ርኅራኄ፣ ጥሪ፣ ምስጢር፣ ስግብግብነት፣ ፅንስ። መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ ያቆማል። እናንተ አታቁሙ። በክምሮቹ መካከል መስመር አስምሩ።

የልጁ ሆድ ለምን ጎደለ? የአጎቱ ሆድ ስለሞላ። ሀ እና ሠ ተገናኙ። ልጁ ለምን ዝም አለ? የእናቱ ሆድ ስለባባ፣ የእኅቱም ሆድ ስለገፋ። መ የተፈጠረው በለ እና በረ ምክንያት ነው። ምግብ ያጣው ሆድ ምስጢር ተሸክሞ ዋለ። ይህን ማንም ገጸ ባሕርይ አልተናገረም፤ ቃሉን ስንከተለው ነው ያገኘነው።

በነገራችን ላይ «ሀ»ን ስለ ረኃብ ብቻ አድርገን መድበነው ነበር። ሠን ካነበብን በኋላ ግን በደልም ገብቶበታል። ስለዚህ ክምር ከሠራችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመለሱ። ቀድመው የመጡ ዐረፍተ ነገሮች ኋላ በመጡት ምክንያት ቦታ ይቀይራሉ።

ሁለት ክምር ውስጥ የሚገባ ዐረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ በግድ አንዱን አትምረጡ። ሁለቱም ጋ ጻፉትና ምልክት አድርጉበት። ቅኔ የሚያውቁ ሰዎች ኅብር ይሉታል፤ አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ሲይዝ። ግን ልብ በሉ፤ ልብ ወለድ ሁሉ ቅኔ አይደለም። ሰውዬው ሆዱን አመመው ከተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆዱን አሞት ነው።

7. ቃሉን በጎረቤቱ ለውጣችሁ ሞክሩት

የሚያጠራጥር ዐረፍተ ነገር ላይ «ሆድ»ን አውጥታችሁ «ልብ»፣ «አንጀት» ወይም «ቀልብ» አስገቡ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጆሯችሁ ይፈርዳል።

«በልቡ ያዘው» ብትሉ ያስኬዳል፤ ግን ሰውዬው ነገሩን እንዳይረሳው ያዘ ወደሚል ያዘነብላል። «በሆዱ ያዘው» እንዳይወጣ ነው። «አንጀቴን በላኝ» ማለት አሳዘነኝ ነው። «ሆዴን በላኝ» ካላችሁ ደግሞ ወይ እከኩ ወይ ሐኪም ቤት ሂዱ። «ቀልቡ ተገፈፈ» በ«ሆዱ» አይተካም። «ቀልብ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ እዚያ ልብ ማለት ነው። አማርኛ ውስጥ ከልብ ጎን ተቀምጦ የራሱን ድርሻ ይዟል።

ቃሉ የማይተካ ሲሆን ደራሲው አስቦበት ይሁን አይሁን፣ የግድ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። እየቻለ ሌላውን ትቶ «ሆድ»ን የመረጠበት ቦታ ላይ ግን ቆም በሉ። ምርጫው ያለው እዚያ ነው።

8. መዝገበ ቃላት፣ ቀጥሎ ሰው

የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው። የተደረደረው በአበገደ ነው፤ «ሀ»ን መጀመሪያው ላይ ፈልጋችሁ ብታጡት አትደንግጡ፣ ከ«ደ» ቀጥሎ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣው «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ደግሞ በለመድነው ሀ ሁ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ማየት ጥሩ ነው። ግን ክምራችሁን ከሠራችሁ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። ቀድማችሁ ካያችሁ የመዝገቡን ትርጉሞች በመጽሐፉ ላይ ትለጥፋላችሁ።

መዝገብ ላይ ያላገኛችሁትን ለሰው ውሰዱት። ደሴ ላይ ለዚህ ከቡና የተሻለ ሰዓት የለም። አቦሉ ላይ አትቸኩሉ፤ የሰፈሩ ወሬ ይቀድማል። ቶና ላይ ጀምሩ። አጠያየቅም አለው። «ሆድ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስቃል፤ መልሱም «ይኸው» ብሎ ሆድን ማሳየት ነው። «ይህን መቼ ይሉታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ፦

«እትዬ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ የሚሉት መቼ ነው?»

«ሰው ሲሄድብኝ ነዋ፣ የኔ ልጅ። ቤቱ ሲጨልም።»

«ሆዴ ባባ ከማለት በምን ይለያል?»

«ሆድ ሲባባማ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ባር ባር ሲል ግን አታውቂውም፤ ዝም ብሎ ይከፋሻል።»

እንዲህ ያለ መልስ ካገኛችሁ እንዳለ ጻፉት፤ አታሳምሩት። ሌላ ሰውም ጠይቁ። የወሎ ሰው የሚለውና ደራሲው ባደገበት አገር የሚባለው ላይገጥም ይችላል። ደራሲው የጎጃም ወይም የሸዋ ሰው ከሆነ የዚያን አገር ሰው ብታገኙ ይመረጣል። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ከተጋጨ ሁለቱንም ያዙ፤ የሚፈርደው የመጽሐፉ ዐረፍተ ነገር ነው።

ተረትና ምሳሌ ሲመጣ ለብቻው አስቀምጡት። «ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል» ቢል፣ አባባሉ የሕዝብ ነው፤ የደሴን ዳገት ለሚወጣ ሰው ማብራሪያም አያሻውም። ለእናንተ የሚጠቅመው ጥያቄ ደራሲው በማን አፍ አስገባው የሚለው ነው። ድሃው ሲለው ምሬት ነው። አሠሪው ሲለው ስለ ሠራተኞቹ ጉልበት እያሰላ ነው።

9. ማን ለማን፣ መቼ

አሁን ደብተሩን በሌላ መንገድ አንብቡት። መጀመሪያ በሰው። አንዱ ገጸ ባሕርይ «ሆድ» የሚለው ስለ ምግብ ብቻ፣ ሌላዋ ስለ ኀዘን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲጣሉ ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት ይሆናል፤ አለመግባባታቸው ከዚያ ሊጀምር ይችላል።

የአክብሮቱን ፊደልም እዩ። «ሆድዎን አይባስዎ» ይል የነበረ ሰው በኋላ «ሆድህን አውቀዋለሁ» ካለ፣ አንቱታው ወድቋል። ከየትኛው ገጽ ጀምሮ እንደወደቀ ፈልጉ።

ቀጥሎ በጊዜ። መጽሐፉን መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ብላችሁ ክፈሉና በየክፍሉ የትኛው ክምር እንደበዛ ቁጠሩ። ቁጥሩ በራሱ ምንም አይደለም። አንዱ ክምር ድንገት ሲጠፋ ግን ነገር አለ። «ሆዴ» የሚለው ጥሪ እስከ መጽሐፉ እኩሌታ እየተሰማ ቆይቶ ከዚያ ካልተሰማ፣ የመጨረሻው ጥሪ ያለበትን ገጽ ደግማችሁ አንብቡ።

10. በአንድ ገጽ ጻፉት

ረጅም አታድርጉት። ያገኛችሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልቻላችሁ ገና አልበሰለም። «ሆድ ብዙ ትርጉም አለው» ማለት ግኝት አይደለም፤ እሱን ሳታነቡም ታውቁት ነበር። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚራበው ሆድና ምስጢር የሚይዘው ሆድ የአንድ ልጅ ነው፤ የጠገበው ሆድ ግን ምንም የሚደብቀው የለም፣ አገር ያውቀዋል።» ከዚህ ሥር ሦስት ወይም አራት ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፉ፣ ከነምዕራፋቸው ጥቀሱ። ሐሳባችሁን የሚያፈርስ ዐረፍተ ነገር ካለም ደብቃችሁ አትለፉት፤ እሱንም አስገቡት።

ለጓደኞቻችሁ ስታቀርቡ መጀመሪያ ዐረፍተ ነገሮቹን ብቻ አንብቡላቸው፤ የእናንተን ሐሳብ አታስቀድሙ። የራሳቸውን ክምር ይሥሩ። የማትስማሙበት ላይ መጽሐፉን ገልጣችሁ ከላይና ከታች ያለውን አንቀጽ አብራችሁ አንብቡ። የትም ክምር አልገባ ያለውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ለብቻው ጻፉት። ቀጥላችሁ «አንጀት»ን ስትከታተሉ ብዙውን ጊዜ ቦታው ይገኛል።